ማዕድን ሊማሩ ሄደው ብርሃን ተምረው የመጡት አፈወርቅ

እኔ መስታወት ቆራጭ ነበርኩ። ለሁለት ክረምት ብቻ ነው፤ ግን ነበርኩ።

ትውልዴ አንበሳሜ ነው፤ ደቡብ ጎንደር፣ ደራ ወረዳ። አሥረኛ ክፍልን እንደጨረስኩ በሐሙሲት በኩል አድርጌ ወረታ ወረድኩና አንድ የአሉሚኒየምና መስታወት ቤት ተቀጠርኩ። የቤቱን ጌታ ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንለው። ጋሼ የመጀመሪያውን ወር መስታወት አላስነካኝም። መጥረግ፣ መሸከም፣ ስባሪ መልቀም፣ በቃ። በሁለተኛው ወር መቁረጫውን አስያዘኝ። ጫፉ ላይ ትንሽ ጎማ መሳይ ብረት አለችው፤ ነጭ ጋዝ ውስጥ ትነከርና በማስመሪያው ጥግ ትሳባለች። ሕጉ አንድ ነው፤ አንዴ ብቻ ሳብ። ደግመህ ከሳብክ መስታወቱ የት እንደሚሰበር እሱ ነው የሚወስነው፣ አንተ አይደለህም። እጅህ በትክክል ከሄደ ድምፁ ይነግርሃል፤ ስስ ጨርቅ ቀስ ብሎ ሲቀደድ የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ ያወጣል።

በሁለተኛው ክረምት አንድ ትልቅ ባለ 6 ሚሊ መስታወት ሰበርኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው። መስመሩ ያልያዘ መስሎኝ ደግሜ ሳብኩበት። ከደሞዜ ተቆረጠ፤ እኔም ተናድጄ ሥራውን ተውኩት። ጋሼ ሲሸኘኝ የተሰበረው መስታወት እንደማያሳስበው፣ የሚያሳስበው የእኔ ችኮላ እንደሆነ ነገረኝ። ያኔ አልሰማሁትም።

ይህን ሁሉ ሰሞኑን ያስታወሰኝ በስልኬ ያየሁት አንድ ፎቶ ነው። አዲስ አበባ፣ አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ያሉት ግዙፍ የመስታወት ሥዕሎች ፎቶ። 150 ካሬ ሜትር! እኔ ወረታ ላይ ከሦስት ሰው ጋር ተሸክሜው የማውቀው ትልቁ መስታወት 7 ካሬ ሜትር ቢሆን ነው። ሃያ አንድ ያህሉን አንድ ላይ ግጠሟቸውና እያንዳንዱን ስንዝር በሰው፣ በዘንዶ፣ በሰንሰለትና በችቦ ሙሉት። ይህን ሥራ ያቀዱት ሰው ደግሞ ያኔ 30 ዓመት እንኳ አልሞላቸውም። ስማቸው አፈወርቅ ተክሌ ይባላል።

ብዙዎቻችሁ ስማቸውን ታውቁታላችሁ። መትረ አርቲስት፣ የዓለም ሎሬት፣ ካባ ለባሹ ሰዓሊ። ያረፉት ሚያዝያ 2 ቀን 2004 ዓ.ም. ስለሆነ የዛሬ ወጣት እሳቸውን የሚያውቀው በስም ብቻ ነው። እኔ ዛሬ ማውራት የፈለግኩት ስለ ዝናቸው አይደለም። ስለ ተማሪነታቸው ነው። ይህ ሰው መስታወትን እንዴት ተማሩት?

አፈወርቅ የተወለዱት በጥቅምት 1925 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ አንኮበር ነው። ገና ሕፃን ሳሉ የፋሽስት ጦር አገሪቱን ወረረ። ልጅነታቸው በጦርነትና ጦርነት ትቶት በሄደው ፍርስራሽ መካከል አለፈ። ከነፃነት በኋላ አገሪቱ የምትፈልገው ግንበኛ፣ መሐንዲስ፣ ሐኪም ነበር። እሳቸውም በዚያ ዘመን እንደነበረ ብልህ ልጅ ሁሉ አገር መልሶ መገንባት ፈለጉ፤ የመረጡትም የማዕድን ምህንድስና ነበር። ልብ በሉ፣ ሥዕል አይደለም። ማዕድን!

እ.ኤ.አ. በ1947፣ በ15 ዓመታቸው፣ ወደ እንግሊዝ ተላኩ። ከመሄዳቸው በፊት ተማሪዎቹ ንጉሠ ነገሥቱ ፊት ቀረቡ። አፈወርቅ እስከ እርጅናቸው ድረስ ያልረሱት ምክር የተሰጣቸው ያን ቀን ነው። የምክሩ ፍሬ ነገር፣ ስትመለሱ በአውሮፓ ስላያችሁት ረጅም ፎቅና ሰፊ መንገድ እንዳታወሩን፣ ይልቅ አገር የምትገነቡበትን እውቀትና አስተሳሰብ ይዛችሁ ኑ የሚል ነበር። ዛሬ ውጭ የሄደ ሁሉ መጀመሪያ የሚልክልን የፎቅ ፎቶ መሆኑን ሳስብ ፈገግ እላለሁ።

እንግሊዝ ውስጥ ሬዲንግ በሚባል ከተማ ሌይተን ፓርክ የተባለ አዳሪ ትምህርት ቤት ገቡ። በሒሳብም በኬሚስትሪም በታሪክም ጎበዝ ነበሩ። ሆኖም የሥዕል ተሰጥኦአቸውን መምህራኑ አዩ፤ ገፋፏቸውም። እንግዲህ ጭንቁ እዚህ ላይ ነው። የመንግሥት ወጪ፣ የአገር አደራ፣ የማዕድን ትምህርት በአንድ በኩል፤ እጅ የሚወደው ነገር በሌላ በኩል። ከእናንተ መካከል ምህንድስና ተመድባችሁ ልባችሁ ሌላ ቦታ የሆነ ካላችሁ፣ ይህችን ሰዓት ታውቋታላችሁ። አፈወርቅ ሥዕልን መረጡ። ለንደን ወደሚገኘው ሴንትራል የሥነ ጥበብና የእደ ጥበብ ትምህርት ቤት ገቡ፤ ከዚያም ስሌድ ወደተባለው ታዋቂ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተሻገሩ። እዚያ ሥዕልን፣ ቅርፃ ቅርፅንና ሥነ ሕንፃን አንድ ላይ አጠኑ።

ይህ የሦስት ሙያ ጥናት ለኔ ትልቅ ነገር ነው። የመስታወት ሥዕል ከሦስቱም ይቆርሳል። እንደ ሥዕል ቀለምና መስመር አለው። እንደ ቅርፃ ቅርፅ በእጅ የሚዳሰስ፣ ክብደት ያለው፣ የሚሰበር ነገር ነው። እንደ ሕንፃ ደግሞ ግድግዳ ነው፤ ነፋስና ዝናብ ይመታዋል፣ ፀሐይ ያግለዋል፣ መቆም አለበት። ሥዕል ብቻ የሚያውቅ ሰው መስታወት ላይ ይወድቃል።

ወደ አገራቸው ሲመለሱ ቢሮ መግባት ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን መጀመሪያ አገሩን ለመዞር መረጡ። በየክፍለ ሀገሩ እየተዘዋወሩ የሕዝቡን ኑሮና ባህል አዩ። እ.ኤ.አ. በ1954 በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የመጀመሪያውን የግል ኤግዚቢሽናቸውን አሳዩ። ሃያ ሁለት ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላቸውም።

አሁን ነው ወደ መስታወቱ የምንደርሰው። ኤግዚቢሽን ያሳየ፣ ስም ያገኘ፣ ገንዘብ ኪሱ የገባ ወጣት ምን ያደርጋል? አፈወርቅ በኤግዚቢሽኑ ባገኙት ገንዘብ ተመልሰው ወደ ተማሪነት ሄዱ። ሁለት ዓመት ያህል በጣሊያን፣ በፈረንሳይ፣ በስፔን፣ በፖርቱጋልና በግሪክ ዞሩ። በዚህ ጊዜ በተለይ ያጠኑት የመስታወት ሥዕል አነዳደፍና አሠራር ነበር። ጎን ለጎን ደግሞ በለንደን፣ በፓሪስና በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት የሚገኙትን በሥዕል ያጌጡ የኢትዮጵያ ብራናዎች እያገላበጡ አዩ። የራሱን አገር ጥንታዊ ሥዕል ለማየት ባሕር የተሻገረ ሰው አስቡት። ያሳዝናል፤ ግን እሳቸው ቁጭ ብለው አላለቀሱም፣ አጠኑት።

እስቲ ይህ ሙያ ምን እንደሚመስል ትንሽ ልንገራችሁ። እኔም የተሰበረውን መስታወት ዕዳ የከፈልኩት በከንቱ እንዳይሆን።

መስታወት ከአሸዋ ነው የሚወጣው። አሸዋ ከሶዳና ከኖራ ጋር ተቀላቅሎ ከ1400 ዲግሪ በላይ በሚነድ እቶን ይቀልጣል። ለመስታወት ሥዕል የሚሆነው ምርጡ መስታወት ዛሬም በሰው ትንፋሽ ይሠራል። ነፊው ረጅም የብረት ቱቦ ጫፍ ላይ የቀለጠውን መስታወት እንደ ማር ይጠቀልላል፤ እያሽከረከረ ይነፋል፤ ያወዛውዘዋል። መስታወቱ እንደ ረጅም ጠርሙስ ይሆናል። ከዚያ ሁለቱ ጫፎች ይቆረጣሉ፣ ጎኑ ለርዝመቱ ይሰነጠቃል፣ እንደገና እሳት ውስጥ ገብቶ ሲለሰልስ እንደ ብራና ተዘርግቶ ጠፍጣፋ ይሆናል። ነፊው እጁን ካቆመ መስታወቱ ወደ መሬት ይንጠባጠባል። ስለዚህ ማቆም የለም፤ ሁልጊዜ ማሽከርከር ነው።

ቀለሙስ? ቀለሙ ከላይ የሚቀባ አይደለም። እሳቱ ውስጥ ካለው መስታወት ጋር ማዕድን ይቀላቀላል። ኮባልት ሰማያዊ ይሰጣል። ብረት አረንጓዴ። መዳብ አረንጓዴም ቀይም ይሆናል፣ እንደ እሳቱ ሁኔታ። ወርቅ ደግሞ፣ ይግረማችሁ፣ ቢጫ ሳይሆን ቀይ ነው የሚሰጠው። ቢጫውን የሚያመጣው ብር ነው። ይህን ሳነብ ምን እንዳሰብኩ ታውቃላችሁ? አፈወርቅ ከማዕድን ትምህርት አልሸሹም ማለት ነው! ወርቅና መዳብ ሊያስቆፍሩ ሄደው፣ ወርቅና መዳብ ብርሃን ሲሆኑ አዩ።

እኔ ወረታ የምቆርጠው መስታወት ሌላ ነው። እሱ የቀለጠ ቆርቆሮ ላይ ተንሳፍፎ የተሠራ የፋብሪካ መስታወት ነው። ይህን ዘዴ ፒልኪንግተን የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ለዓለም ያሳወቀው እ.ኤ.አ. በ1959 ነበር፤ አፈወርቅ የመስታወት ሰዓሊ በሆኑበት ዘመን ማለት ነው። የፋብሪካው መስታወት ፍጹም ለጥ ያለ ነው፤ ብርሃኑን ዝም ብሎ ያሳልፋል። በእጅ የተነፋው ግን አንዱ ጋ ወፈር፣ ሌላው ጋ ሳሳ ይላል፤ አረፋ ይኖረዋል። ብርሃን ሲያልፍበት ይንቀጠቀጣል። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው የፎገራን ሜዳ ሲያለብሱት፣ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ የሩዙ ማሳ ላይ የተኛውን ውኃ ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

የመስታወት ሰዓሊው ሥራ ደግሞ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሥዕሉን በትንሹ በቀለም ይሠራል። ቀጥሎ በመስኮቱ ትክክለኛ መጠን በወረቀት ላይ ይነድፈዋል። እያንዳንዱ ቁራጭ መስታወት የራሱ ወረቀት፣ የራሱ ቁጥር አለው። ቆራጩ በቁጥሩ ይቆርጣል። ዓይን፣ አፍንጫ፣ የልብስ እጥፋት የመሳሰሉት ከመስታወት ዱቄት በተሠራ ጥቁር ቀለም ይሳሉና መስታወቱ እንደገና እሳት ይገባል፤ ቀለሙ የመስታወቱ አካል ይሆናል። በነባሩ አሠራር ቁርጥራጩ የሚያያዘው በእርሳስ ነው፤ በብዕር እርሳስ አይደለም፣ በብረቱ እርሳስ። ጥቁሩ መስመር ከዚህ ይመጣል።

ሸራ ላይ የሚሥል ሰው ብርሃን ለመፍጠር ነጭ ቀለም ይጨምራል። መስታወት ላይ የሚሥል ግን ብርሃን አይጨምርም፤ ብርሃኑ ከፀሐይ ስለሚመጣ የእሱ ሥራ መከልከል ነው። የት ላይ ይለፍ፣ የት ላይ ይዘጋ ማለት። ጠዋት የሠራው ሥዕል ከሰዓት ሌላ ነው፤ ደመና ሲመጣ ሌላ። በሌላ ቋንቋ ልንገራችሁ፣ የብዙ ስልኮች ስክሪን ከጀርባ በሚመጣ ብርሃን ነው የሚታያችሁ። የመስታወት ሥዕልም እንደዚያው ነው፤ ልዩነቱ የእሱ ባትሪ ፀሐይ መሆኗ ነው። ስልካችን ላይ የአፈወርቅ መስታወት ከሸራ ሥዕላቸው ይልቅ የሚያምረው ለዚህ ይመስለኛል።

አሁን ስለ ብራናዎቹ ያነሳሁትን አስታውሱ። የእኛን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ታውቁታላችሁ። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉትን የመላእክት ፊት፣ የጣና ደሴት ገዳማትን ግድግዳ። ትላልቅ ዓይኖች፣ ደማቅ ቀለም፣ ዙሪያውን ደግሞ ወፍራም ጥቁር መስመር። የመስታወት ሥዕል የሚፈልገው ይህንኑ ነው! እርሳሱ የሚያሰምረው ጥቁር መስመር ለፈረንጅ ሰዓሊ ችግር ሊሆን ይችላል። ብራና ያየ ኢትዮጵያዊ ዓይን ግን ከጥንትም እንዲህ ነው የሚያየው። አፈወርቅ በአንድ ጉዞ ሁለቱን አብረው ማጥናታቸው ዝም ብሎ የተገጣጠመ አይመስለኝም።

ከጉዞው ሲመለሱ ሥራው ጎረፈ። በአዲስ አበባ የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ሥዕሎችንና ሞዛይኮችን ሠሩ። ሐረር ላይ የራስ መኮንንን በፈረስ የተቀመጠ ሐውልት ሠሩ። ቀጥሎ ትልቁ መጣ። በጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ ንድፍ የሚሠራው አፍሪካ አዳራሽ መስታወት ፈለገ። አዳራሹ ጥር 29 ቀን 1953 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው እዚያው ነው።

የሥዕሉ ጭብጥ የአፍሪካ ሙሉ ነፃ መውጣት ነው። ሦስት መስኮት፣ ሦስት ዘመን፤ የመከራው ትናንት፣ የትግሉ ዛሬ፣ የተስፋው ነገ። ሰንሰለት አለ፣ ዘንዶ አለ፣ ችቦ የያዘ ቤተሰብ አለ፣ በየአገሩ ልብስ ያጌጡ አፍሪካውያን አሉ። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀዩ ጎልቶ ይታያል። በ1955 እዚያ የተሰበሰቡት መሪዎች በዚያ ቀለም ውስጥ ተረማምደው ነው የገቡት።

አንድ ነገር ግን መደበቅ የለብኝም። መስታወቱን ቆርጠው የገጣጠሙት አፈወርቅ ብቻቸውን አይደሉም። ንድፉ የእሳቸው ነው፤ የእጅ ሥራው የተሠራው ፈረንሳይ አገር፣ ፉርማንትሮ በተባለ የመስታወት ባለሙያዎች ቤት ነው። ይህ ክብራቸውን ይቀንሳል? እኔ አይመስለኝም። በአውሮፓም ብዙ ታላላቅ ሰዓሊያን መስታወት የሠሩት ከባለሙያ ቤት ጋር ሆነው ነው። ዋናው ነገር ንድፍ አውጪው የቆራጩን ቋንቋ ማወቁ ነው። ጋሼ ዘንድ የቤት ንድፍ ይዘው የሚመጡ ሰዎች ነበሩ፤ በወረቀት ያምራል፣ መስታወት ግን እንደዚያ አይቆረጥም። ወደ ውስጥ የታጠፈ ሹል ማዕዘን ስጡት፣ ይሰነጠቃል። አፈወርቅ ያንን ሁለት ዓመት የከፈሉት ለዚህ ነበር፤ እንደነዚያ ሰዎች ላለመሆን።

ከወረታ ተነስቶ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣው መንገድ ጫፍ ላይ ጋፋት አለ። አፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ ያስቀለጡበት ቦታ። ሰዎቹ በሚሲዮን የመጡ ናቸው እንጂ መድፍ ሠሪ አልነበሩም። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ንጉሡ ግን አልተው አሉ፤ ተደጋገመ፣ ተሳካ፣ በመጨረሻም 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ወጣ። ቴዎድሮስ ባለሙያውን ወደ እሳቱ አመጡ። ከ80 ዓመት በኋላ ደግሞ አገሪቱ ልጆቿን ወደ እሳቱ ላከች። ሁለቱም መንገድ አንድ ጥያቄ ትቶልናል። እውቀቱ ከመጣ በኋላ ማን ይቀበለዋል? ሴባስቶፖል መቅደላ ቀረ፤ ጋፋት ጸጥ አለ። አፍሪካ አዳራሽ ከዓመታት እድሳት በኋላ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ተመልሶ ሲከፈት መስታወቶቹን ያደሰው እንደገና የፈረንሳይ ባለሙያ እጅ ነው። ከስልሳ ዓመት በኋላም ማለት ነው። ይህን የምለው ፈረንሳዮቹን ለመውቀስ አይደለም፤ እነሱ እውቀታቸውን ከአባት ለልጅ ማስተላለፍ ችለዋል። ጥያቄው ለእኛ ነው። መስታወት የሚቆርጥ ወጣት በየከተማው ሞልቷል፤ ወረታ ብቻ ስንት ቤት አለ። ከዚያ ወደ አፈወርቅ የሚያደርሰው ደረጃ የት ነው?

አፈወርቅ ከዚያ በኋላም ረጅም ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማትን በሥነ ጥበብ የመጀመሪያው ሆነው ወሰዱ። ራሳቸውን የሣሉበት ሥዕል በፍሎረንስ ኡፊዚ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ገባ። ንጉሡ ሄዱ፣ ደርግ መጣ፣ ደርግ ሄደ፣ ኢሕአዴግ መጣ፤ እሳቸው ብሩሻቸውን አላስቀመጡም። አዲስ አበባ ውስጥ ራሳቸው የነደፉትን ቪላ አልፋ የተባለ ቤትና ስቱዲዮ ሠርተው እዚያ ኖሩ፣ እዚያ ሠሩ። በ79 ዓመታቸው አርፈው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ።

ዝናውን ሁሉ ትቼ እኔ የምወስደው አንድ ነገር ነው። እኚህ ሰው ጎበዝ ተብለው ከተጨበጨበላቸው በኋላ ነው እንደገና ተማሪ የሆኑት። እኔ ደግሞ አንድ መስታወት ስሰብር ነው ተማሪነት ያበቃልኝ።

ባለፈው ክረምት ለቅሶ ደርሼ ስመለስ ወረታ አደርኩ። ጠዋት ያንን ቤት ፈልጌ ሄድኩ። ጋሼ ፀጉሩ ሸብቷል፤ መነጽር አድርጓል። አወቀኝ። ቡና አስመጣ፤ ስለ ቤተሰብ ጠየቀኝ። መጨረሻ ላይ አፍሬ አፍሬ አንድ ቁራጭ እንዲሰጠኝ ለመንኩት። ከስባሪው ክምር ውስጥ አንድ መረጠልኝ፤ መቁረጫውን ነጭ ጋዝ ውስጥ ነክሮ አቀበለኝ። አንዴ ብቻ ሳብኩ። ድምፁ መሐል ላይ ተቆራረጠ፤ ሰበርኩት፣ ጠምሞ ሄደ።

ጋሼ ምንም አላለም። ጎንበስ ብሎ ከክምሩ ሌላ ቁራጭ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ።